«ማስተር ኦፍ ፐፔትስ»ን ከየት ጀምሬ ላዳምጥ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትማችን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ስለወጡ የሮክ አልበሞች ባቀረብነው ጽሑፍ የአሜሪካውን የሄቪ ሜታል ባንድ የሜታሊካን «ማስተር ኦፍ ፐፔትስ» በጥቂት ቃላት ጠቅሰን አልፈን ነበር። ከዚያ ወዲህ ለዚህ ዓምድ የደረሱን ደብዳቤዎች በአብዛኛው ስለዚሁ አልበም የሚጠይቁ በመሆናቸው የዛሬውን ገጽ ሙሉ በሙሉ ለእርሱ ሰጥተነዋል። «ዓ.ም.» ተብሎ ካልተጻፈ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ ስድሳን ተሻግሯል። ያደግሁት በጥላሁን ገሠሠና በማሕሙድ አሕመድ ዘፈኖች ነው፤ የሙላቱ አስታጥቄን ሥራዎችም እወዳለሁ። ሜሪላንድ የሚኖረው የእህቴ ልጅ በክረምቱ ሊጠይቀን መጥቶ ሳለ ይህን አልበም ከዳር እስከ ዳር አስደመጠኝ። እኔ ግን ከጩኸትና ከፍጥነት በቀር ጆሮዬ ውስጥ የቀረ ነገር የለም። ልጁ አስተዋይ ስለሆነ የሚወደውን ነገር ጫጫታ ነው ብዬ መተው አልፈለግሁም። ምን ብዬ ልስማው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ከመጀመሪያው ዘፈን አይጀምሩ። አልበሙ ስምንት ሥራዎች አሉት፤ ሰባተኛውን፣ «ኦራየን» የተባለውን ያውጡና በእርሱ ይጀምሩ። ቃል የለውም፤ ስምንት ደቂቃ ተኩል ገደማ የሚፈጅ፣ በመሣሪያ ብቻ የተሠራ ቅንብር ነው። የሙላቱን ሥራዎች የሚወድ ሰው ድምፃዊ በሌለበት ዜማን ተከትሎ መጓዝ ስለለመደ፣ ለዚህ ሥራ ጆሮዎ አስቀድሞ የተዘጋጀ ነው።

ከዝምታ ተነሥቶ ቀስ በቀስ እየጎላ የሚመጣው የመጀመሪያው ድምፅ የኦርኬስትራ ይመስላል፤ ነገር ግን የተሠራው በባንዱ ቤዝ ተጫዋች በክሊፍ በርተን ቤዝ ጊታር ነው። ከዚያ ጊታሮቹ ከባድና የተረጋጋ አካሄድ ይዘው ይገባሉ። አራተኛው ደቂቃ ገደማ ላይ ሁሉም ነገር ይበርድና ቤዙ ብቻውን ዝግ ያለ፣ የሚወዛወዝ ዜማ ይጀምራል። ምቱ ስድስት በስምንት ስለሆነ፣ ምንም እንኳ ከእኛ ችክችካ እጅግ የዘገየ ቢሆንም፣ ለኢትዮጵያዊ ጆሮ እንግዳ አይሆንም። ሁለት ጊታሮች በዚያ ላይ ተጣምረው፣ አንዱ ከፍ ሌላው ዝቅ ብሎ፣ ተመሳሳይ ዜማ ይጫወታሉ። ወደ መጨረሻው ሲቃረብ የሚሰማውን የሚያንጎራጉር ሶሎ (አንድ መሣሪያ ብቻውን ጎልቶ የሚጫወተውን ክፍል) ብዙ አድማጭ የጊታር ይመስለዋል፤ እርሱም የበርተን ቤዝ ነው። ይህን አንድ ሥራ በተለያዩ ቀናት ደጋግመው ቢሰሙትና የእያንዳንዱን ክፍል መግቢያና መውጫ ቢያውቁት፣ የቀሩትን ሰባቱን ለመስማት የሚያስፈልገው ትዕግሥት በራሱ ይመጣል ብዬ አምናለሁ።

ጆሮዎን ያስቸገረው የጊታሩ ሻካራነት ከሆነ ደግሞ በገናን ያስቡ። በገና ደርዳሪው በአውታሩና በድልድዩ መካከል ትናንሽ የቆዳ ቁራጮች የሚያስገባው ድምፁ ጥርት ብሎ እንዳይወጣ፣ ይልቁንም እንዲነዝር ነው፤ ያ ንዝረት ከሌለ በገናው በገናነቱን ያጣል። በኤሌክትሪክ ጊታርም ላይ ዲስቶርሽን የሚባለው መጎርነን ተፈልጎ የመጣ እንጂ የመሣሪያ ብልሽት አይደለም። ከክሩ የሚወጣውን ድምፅ ያወፍረዋል፣ ያረዝመዋል፣ ሁለት ክሮች አብረው ሲመቱም ከሁለቱ ድምር የበለጠ ክብደት ይሰጠዋል። ሄቪ ሜታል የተባለው ሙዚቃ በሙሉ የቆመው በዚህ ድምፅ ላይ ስለሆነ፣ አድማጩ ከእርሱ ጋር ካልታረቀ ሌላውን ሁሉ ማየት አይችልም።

ከ«ኦራየን» ቀጥሎ የአልበሙን ስም ወደ ያዘው ሁለተኛው ዘፈን ይሂዱ። ርዕሱ በክር የሚንቀሳቀሱ አሻንጉሊቶችን የሚያዝ ጌታ ማለት ነው። በዘፈኑ ውስጥ የሚናገረው አደንዛዥ ዕፁ ራሱ ነው፤ ተገዥ ያደረገውን ሰው ያዝዘዋል፣ ክሩን እንደ ፈለገ እየሳበ ሕይወቱን እንደሚያቃጥልበት ይነግረዋል። ሙዚቃው የተሠራው ደግሞ ይህንኑ በአካልዎ እንዲሰማዎ ሆኖ ነው። ግጥሙ በሚባልበት ክፍል በእግርዎ ምቱን እየተከተሉ ያዳምጡ፤ ሦስቱ ባር የሚባሉት የምት ክፍሎች ሙሉ ሆነው አልፈው አራተኛው ከመሙላቱ በፊት ይቆረጥና ቀጣዩ ሐረግ ካልጠበቁት ቦታ ይጀምራል። እግርዎ ይስታል። ዘፈኑ ስለ መጎተት ነው፤ አድማጩም እየተጎተተ ይሄዳል።

ከሦስት ደቂቃ ተኩል ገደማ በኋላ ያ ሁሉ ግፊት በድንገት ይቆማል፤ ጊታሮቹ መጎርነናቸውን ጥለው በጠራ ድምፅ ክር በክር ይንቆረቆራሉ። በዚያ ላይ የሚመጣው ለስላሳ ሶሎ የባንዱ ድምፃዊና የሪትም ጊታር ተጫዋች የጀምስ ሄትፊልድ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚከተለውን ፈጣኑንና የሚጮኸውን የሚጫወተው ሊድ ጊታሪስቱ ከርክ ሃሜት ነው። የሁለቱን ልዩነት ለይቶ መስማት አንድ ትልቅ ደስታ ነው፤ የመጀመሪያው ዕረፍት የሚሰጥ ሲመስል ሁለተኛው ያንን ዕረፍት ይነጥቃል። ከዚያ መጀመሪያ የሰማነው አካሄድ ይመለሳል፤ በመጨረሻም በሳቅ ያበቃል። ይህ ዘፈን ስምንት ደቂቃ ከ35 ሰከንድ ይፈጃል፤ ከዚያ አንዲት ደቂቃ የሚነሣለት አይመስለኝም።

አልበሙ ከሌሎች ፈጣን የዘመኑ አልበሞች ተለይቶ እስከ ዛሬ የቆየበትን ምክንያት ቢጠይቁኝ መልሴ ይኸው ነው፦ ቁጣውን በሥርዓት አስሮታል። በዚያ ዘመን የፈጠኑ፣ ከዚህም የፈጠኑ ባንዶች ነበሩ። ፍጥነትን የት ላይ መልቀቅ፣ የት ላይ መያዝ እንዳለበት በዚህ መጠን ያሰበበት ግን ጥቂት ነው። የመጀመሪያው ዘፈን «ባተሪ» በቦክስ ጊታር ይከፈታል፤ ግማሽ ደቂቃ ለሚያህል ጊዜ በርካታ ጊታሮች እየተደራረቡ የስፓኒሽ ጠረን ያለው ዜማ ይጫወታሉ፤ ከዚያ ያንኑ ዜማ ኤሌክትሪክ ጊታሮች ተቀብለው ያከብዱታል፤ ፍጥነቱ የሚለቀቀው ከዚህ በኋላ ነው። የመጨረሻው ዘፈን «ዳሜጅ ኢንክ»ም እንዲሁ ከጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ከባክ መንፈሳዊ ዜማ መነሻ ባደረገ ጭጋጋማ የቤዝ ድምፅ ይጀምራል። አልበሙ በጸጥታ ተከፍቶ በፍጥነት የሚነሣው በሁለቱም ጫፍ ነው።

ይህን ሁሉ ያሰቡት ልጆች ያን ጊዜ ገና ሃያዎቹን የጀመሩ ነበሩ። ባንዱ የተመሠረተው በ1981 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሲሆን፣ በርተንን ለማግኘት ሲሉ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ተዛወሩ። ዘፈኖቹን በ1985 ክረምት አዘጋጅተው፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ኮፐንሃገን በሚገኘው ስዊት ሳይለንስ ስቱዲዮ ከዴንማርካዊው ፍሌሚንግ ራስሙሰን ጋር ቀረጹት። ከበሮ መቺው ላርስ ኡልሪክም የዴንማርክ ተወላጅ ነው። አልበሙ የወጣው ማርች 3 ቀን 1986፣ በእኛ የካቲት 24 ቀን 1978 ዓ.ም. ነው።

በርተንን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። በልጅነቱ ፒያኖ የተማረ፣ ባክን የሚወድና ድምፆች እንዴት እንደሚጣመሩ ለጓደኞቹ ያስረዳ የነበረ ሙዚቀኛ ነው። አልበሙ በወጣ በሰባተኛው ወር፣ ሴፕቴምበር 27 ቀን 1986፣ በደቡብ ስዊድን በልዩንግቢ ከተማ አቅራቢያ ባንዱን ይዞ ይሄድ የነበረው አውቶቡስ ተገልብጦ ሕይወቱ አለፈ፤ ዕድሜው 24 ነበር። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 17 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ የመስቀል ዕለት ነው። በሽኝቱ ላይ የተሰማው «ኦራየን» ነበር፤ ባንዱ ይህን ሥራ ከዳር እስከ ዳር በመድረክ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጫወተው አልበሙ ሃያኛ ዓመቱን ባከበረበት በ2006 ነው።

ጥያቄ፦ ጊታር እጫወታለሁ። ከጓደኞቼ ጋር የአልበሙን መጠሪያ ዘፈን እየተለማመድን ነው። ኖታዎቹን በትክክል አውቃቸዋለሁ፣ ዲስቶርሽኑንም እስከ መጨረሻ ከፍቼዋለሁ፤ ነገር ግን የአልበሙን ያህል አይከብድም፣ ይልቁንም ይደበላለቃል። ምን ጎደለኝ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ የጎደለሽ ነገር የለም፤ የበዛብሽ ነገር አለ። መጀመሪያ ዲስቶርሽኑን ቀንሺው። በአልበሙ ላይ የሚሰማው ክብደት የመጣው ከቀኝ እጅ ነው፤ ዲስቶርሽኑ ከሚገባው በላይ ሲከፈት በምትና በምት መካከል ያለው ጸጥታ ይሞላል፣ ጸጥታው ሲሞላም ምቱ ስለቱን ያጣል። ሄትፊልድ በዚህ ዘፈን ውስጥ ፒኩን (ክሩን የሚመታበትን ትንሽ ቁራጭ) ከላይ ወደ ታች ብቻ ይመታል፤ ከታች ወደ ላይ አይመልስም። የዘፈኑ ፍጥነት በደቂቃ ከ200 ምት በላይ ስለሆነና በአብዛኛው በእያንዳንዱ ምት ውስጥ ሁለት ጊዜ ስለሚመታ፣ እጁ በሰከንድ ሰባት ጊዜ ገደማ ወደ ታች ይወርዳል ማለት ነው። ወደ ላይ የሚመለሰው ምት በተፈጥሮው ቀለል ይላል፤ ወደ ታች ብቻ ሲመታ ግን እያንዳንዱ ኖታ እኩል ክብደት ያገኛል። ሙዚቃው እንደ ማሽን የሚመስለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው የመዳፍሽ ጎን ነው። ከድልድዩ አጠገብ ክሮቹ ላይ በትንሹ አሳርፈሽ ድምፁን አፍኚው፤ ወደ ፊት ከገፋሽው ኖታው ይሞታል፣ ወደ ኋላ ከሳብሽው ደግሞ ይለቀቃል። ትክክለኛው ቦታ በእያንዳንዱ ጊታር ላይ ትንሽ ስለሚለያይ በጆሮሽ ፈልጊው። የታፈኑትንና የተለቀቁትን ኖታዎች ለይቶ መጫወት የዘፈኑ ግማሽ ውበት ነው፤ በግጥሙ ክፍል ውስጥ የቱ እንደታፈነና የቱ እንደተለቀቀ በጆሮ ማዳመጫ ሆነሽ አንድ በአንድ ተከታተይ።

ሦስተኛው ከስቱዲዮ የመጣ ነገር ስለሆነ ራስሽን አትውቀሺበት። የአልበሙን የሪትም ጊታሮች በሙሉ የቀረጸው ሄትፊልድ ብቻ ነው፤ አንዱን ክፍል ደጋግሞ እየተጫወተ ቅጂዎቹ በግራና በቀኝ ተቀምጠዋል። አንድ ሰው፣ አንድ ዓይነት እጅ፣ በትክክል የተደራረበ ምት ስለሆነ ድምፁ እንደ ግድግዳ ይቆማል። ሁለት ጊታር ካላችሁ ይህን ለመቅረብ የሚረዳችሁ ከአምፕሊፋየር ይልቅ ሁለታችሁም ወደ ታች ብቻ መምታታችሁና እጃችሁን የምታፍኑበትን ቦታ አንድ ማድረጋችሁ ነው። የመካከለኛውን ድምፅ ማስተካከያም እስከ ታች አታውርጂው፤ ብቻሽን ስትጫወቺ ደስ ይላል፣ ቤዝና ድራም ሲገቡ ግን ጊታርሽ ይጠፋል።

ልምምዱን በሜትሮኖም (ምት በሚቆጥር መሣሪያ) ከዝግታ ጀምሪ። በደቂቃ በ120 ምት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ወደ ታች ብቻ ተጫውተሽ ክንድሽ ሳይጠነክር ከጨረስሽው በጥቂቱ ከፍ አድርጊው። ጉልበቱ ከአንጓሽ እንጂ ከክርንሽ አይምጣ፤ ክንድሽ ላይ ሕመም ከተሰማሽ ያን ዕለት አቁሚ። ይህ የወራት ሥራ ነው፤ የወራት ሥራ መሆኑም ተስፋ ሊያስቆርጥሽ አይገባም፣ ምክንያቱም ይህን የቻለች እጅ ሌላውን የሮክ ሪትም ሁሉ በቀላሉ ትጫወታለች።

ጥያቄ፦ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጄ የዚህን አልበም ሽፋን ስዕል በክፍሉ ግድግዳ ላይ ለጥፎታል። ስዕሉ መስቀሎች የተተከሉበት መቃብር ነው፣ ሰማዩም ቀይ ነው። ሰዎች የሰይጣን ሙዚቃ ነው ይሉኛል። ልጄን ማስቀየም አልፈልግም፤ ግን እናት ነኝና ያሳስበኛል። እውነቱን ቢነግሩኝ? (ከደሴ)

መልስ፦ እናታችን፣ በመጠየቅዎ ደስ ብሎናል፤ መልሱም ግልጽ ነው። በዚህ አልበም ውስጥ ሰይጣንን የሚያመልክ ወይም የሚያወድስ ዘፈን የለም። ስዕሉን የሠራው ዶን ብራውቲጋም የተባለ አሜሪካዊ ሠዓሊ ነው። ልብ ብለው ይመልከቱት፦ ነጫጭ መስቀሎቹ በረድፍ የቆሙ ናቸው፣ በአንደኛው ላይ የወታደር የብረት ቆብ ተሰቅሏል፤ ከመስቀሎቹ የሚነሡት ክሮች ደግሞ ከላይ በቀዩ ሰማይ ውስጥ ከሚታዩ ሁለት እጆች ጋር የታሰሩ ናቸው። ስዕሉ የሚለው፣ እነዚህ ሰዎች በሌላ ሰው ፈቃድ ሲነዱ ኖረው ሞቱ ነው። መስቀሉን ለማዋረድ የተሣለ አይደለም፤ በሙታን ላይ የተደረገውን ግፍ ለማሳየት ነው።

ዘፈኖቹም ይህንኑ ሐሳብ ይዘው ይሄዳሉ። ስለ ሁለተኛው ዘፈን ከላይ ተናግሬአለሁ፤ አንድ ወጣት ስለ ሱስ ሊሰማው ከሚችለው ማስጠንቀቂያ ሁሉ የከበደ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም አይመክርም፣ የሱሱን ድምፅ ራሱን ያሰማል። «ዲስፖዘብል ሂሮስ» አዛዦች ወጣቱን ወታደር እንደ ዕቃ ተጠቅመው ሲጥሉት ያሳያል። «ዌልካም ሆም ሳኒታሪየም» በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ውስጥ ተዘግቶበት ስለሚኖር ሰው ነው። «ሌፐር መሳያ» በ1980ዎቹ በአሜሪካ ቴሌቪዥን እየቀረቡ ከምእመናን ገንዘብ ይሰበስቡ የነበሩ ሰባኪዎችን ይከሳል፤ ክሱ በአጭበርባሪዎቹ ላይ ነው። «ዘ ቲንግ ዛት ሹድ ኖት ቢ» ከአሜሪካዊው የአስፈሪ ልብ ወለድ ጸሐፊ ከላቭክራፍት የተወሰደ፣ ከባሕር ስለሚወጣ አውሬ የሚናገር ተረት ነው፤ በሙዚቃው ረገድም ጊታሮቹ አንድ ሙሉ ድምፅ ወርደው የተቃኙበት፣ ከሁሉም የከበደው ሥራ ነው።

አንድ ነገር ግን አልደብቅዎትም። የመጨረሻው ዘፈን ግጥም ስለ ዓመፅ ነው፣ ጸያፍ ቃልም አለበት። በሳኒታሪየሙ ዘፈንም ውስጥ ተስፋ የቆረጠ ሰው ድምፅ ይሰማል። ስለዚህ ስዕሉን ከማስነሣት ይልቅ አንድ ቀን አጠገቡ ተቀምጠው ግጥሞቹን እያነበበ እንዲያስረዳዎ ይጠይቁት። ልጅዎ የትኛውን ዘፈን አስበልጦ እንደሚወድና ለምን እንደሚወደው ሲነግርዎ፣ ስለ ልብሱና ስለ ፀጉሩ ከሚያደርጉት ጭቅጭቅ ይልቅ ስለ ራሱ ብዙ ያውቃሉ። የሚያሳዝን ወይም የሚያሳስብ ነገር በልቡ ካለም መናገሪያ መንገድ ያገኛል።

ጥያቄ፦ አልበሙ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ሳይተላለፍ እንዴት ይህን ያህል ታወቀ? አሁን ልግዛ ብልስ የትኛውን እትም ትመክሩኛላችሁ? (ከቶሮንቶ)

መልስ፦ ለዚህ አልበም የተሠራ የሙዚቃ ቪዲዮ አልነበረም፤ ባንዱ የመጀመሪያውን ቪዲዮ ያወጣው በ1989 ነው። የታወቀው በመድረክ ነው። በ1986 በአሜሪካ ከኦዚ ኦዝበርን ኮንሰርቶች በፊት እየቀረቡ ከከተማ ከተማ ዞሩ፤ የሰማው ለጓደኛው በካሴት ቀድቶ ሰጠ፤ አልበሙ በአሜሪካው የቢልቦርድ የሽያጭ ሠንጠረዥ ላይ 29ኛ ደረጃ ደርሶ ዓመቱ ሳያልቅ የወርቅ ሽልማት አገኘ፣ ይኸውም ግማሽ ሚሊዮን ቅጂ ማለት ነው። በ2016 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሊጠበቁ ይገባል ብሎ ከመዘገባቸው ቅጂዎች ጋር ሲጨምረው የመጀመሪያው የሜታል አልበም ሆነ። በ2022 ደግሞ መጠሪያ ዘፈኑ በአንድ ታዋቂ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ውስጥ ተሰምቶ፣ አልበሙ ሲወጣ ገና ያልተወለዱ ወጣቶች እንደ አዲስ ፈለጉት።

እትምን በተመለከተ፣ በ2017 ድምፁ ታድሶ የወጣው አለ፤ ጥሩ ነው። የቀድሞው ቅጂ ቢገኝም የሚጎድልዎ ነገር የለም። ሸክላውን ካገኙ ግን እርሱን ይምረጡ። አራቱ ዘፈኖች በአንድ ገጽ፣ አራቱ በሌላው ስለሆኑ፣ ሳኒታሪየሙ ሲያልቅ ተነሥተው ሸክላውን መገልበጥ ግድ ይልዎታል፤ «ዲስፖዘብል ሂሮስ»ን ከዚያ ትንሽ ዕረፍት በኋላ መስማት፣ ሁለቱን በተከታታይ ከመስማት የተሻለ ነው። በስልክ የሚያዳምጡ ከሆነም እዚያው ላይ ለጥቂት ደቂቃ ያቁሙት።